ኢንጂኑ 0.00 እያለኝ እንዴት ተሸነፍኩ? የሩክ ፍጻሜን በኮምፒውተር ስለመመርመር

ጥያቄው፦ «ኦንላይን የ15 ደቂቃ የቼዝ ጨዋታ ላይ ጥቁር ነበርኩ። ሁለታችንም አንድ አንድ ሩክ ቀርቶናል፣ እሱ ሶስት ወታደር አለው (ኤ፣ ጂ እና ኤች ላይ)፣ እኔ ሁለት (ጂ እና ኤች)። ስልኬ ላይ ያለው ስቶክፊሽ (ቼዝ የሚያሰላው ፕሮግራም፣ ኢንጂኑ) እዚህ ጋ ለነጭ ፕላስ 1.4 ይላል። ከዛ የቀኝ ጎን ወታደሮች ተበላልተው አለቁና እዚህ ደረስን፦ ነጭ ንጉሥ ኢ3፣ ሩክ ኤ8፣ ወታደር ኤ6። እኔ ንጉሥ ጂ7፣ ሩክ ኤ1፣ ተራው የኔ። ኢንጂኑ አሁን 0.00፣ አቻ ነው፣ ይላል። እኔ ንጉሤን ወደ ወታደሩ ላስጠጋ ብዬ ኤፍ7 ሄድኩ፣ እሱ ንጉሡን ዲ4 አመጣ፣ እኔ ኢ7፣ ከዛ ወታደሩን ኤ7 ሲገፋው አለቀልኝ። አንደኛ፣ ትክክሉ 1.4 ነው ወይስ 0.00? ሁለተኛ፣ ኢንጂኑ ከአንድ በላይ ሙቭ ላይ 0.00 እያሳየኝ የቱን እንደምመርጥ በምን አውቃለሁ? ሶስተኛ፣ የሚከፈልበት የተሻለ ኢንጂን ልግዛ?»

ከሶስተኛው ልጀምር፣ አጭር ስለሆነ። አትግዛ። ስቶክፊሽ ነፃ ነው፣ ስልክህ ላይ ያለው ራሱ የትኛውንም የዓለም ሻምፒዮን ያሸንፋል፣ ያንተ ችግር የኢንጂን አቅም ማነስ አይደለም። እንዲያውም በመጨረሻው አቀማመጥ ላይ ኢንጂን ጭራሽ አያስፈልግህም ነበር፣ እመለስበታለሁ።

አጠራር ላይ እንዳንጣላ፦ ኤ ስል በነጭ በኩል ቁጭ ብለህ ስታይ ግራ ጥግ ያለችውን ዓምድ ነው፣ ኢ ስል ጨዋታ ሲጀመር ንጉሥ የሚቆምባትን፣ ቁጥሩ ደግሞ ከነጭ በኩል የሚቆጠር ረድፍ ነው። ሙቭ አንድ እርምጃ ነው፣ ቼክ ንጉሥን ማጥቃት፣ ማት ንጉሡ ማምለጫ ሲያጣ፣ የሩክ ፍጻሜ ደግሞ ከንጉሥና ከወታደር ሌላ ሩክ ብቻ የቀረበት የጨዋታ መጨረሻ። ሩክ የምለው አንዳንዶቻችሁ ግንብ የምትሉትን፣ በድሮው ሰንጠረዥ ደር ይባል የነበረውን ነው።

አሁን ወደ 1.4። ሁለቱ ቁጥሮች አይጣሉም፣ በሁለት የተለያዩ አቀማመጦች ላይ የተሰጡ ናቸውና። በመሃል ላይ ወታደሮች ተበላልተዋል፣ ስለዚህ ወይ 1.4 ሲል ነጭ በእውነት ያሸንፍ ነበረና ሲበላላ አበላሸው፣ ወይ ደግሞ መጀመሪያም አቻ ነበረና ኢንጂኑ እዛ ድረስ አላየውም። የቱ እንደሆነ የንጉሦቹንና የሩኮቹን ቦታ ስላልላክህ ከዚህ ሆኜ አልፈርድም፣ ግን ራስህ የምታገኝበትን መንገድ ከታች አስቀምጬልሃለሁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፣ ፕላስ 1.4 ማለት «አንድ ወታደር ተኩል ያህል ይበልጣል» ማለት ይመስለዋል። ድሮ እንደዛ ነበር፣ በግምት። ስቶክፊሽ በ2020 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ስሪት 12 ላይ አቀማመጥን በኒውራል ኔትወርክ መመዘን ጀመረ፣ በ2022 መጨረሻ የወጣው 15.1 ደግሞ ቁጥሩን እንደገና ለካውና ፕላስ 1.00 ማለት «ኢንጂኑ ከራሱ ጋር ቢጫወት ግማሽ በግማሽ የማሸነፍ እድል አለው» ማለት ሆነ። ከራሱ ጋር! ካንተና ከተጋጣሚህ ጋር አይደለም። ስለዚህ 1.4 ስታይ «ተሸንፌያለሁ» ብለህ አታንብበው፣ «ነጭ ይገፋል፣ ምናልባት ያሸንፋል፣ ግን ገና አልተረጋገጠም» ብለህ አንብበው። ሩክ ፍጻሜ ላይ ደግሞ ይሄ «ምናልባት» ከብዙዎቹ ፍጻሜዎች ይሰፋል፣ አንድ ወታደር መብለጥ ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም። በ2018 ለንደን ላይ በነበረው የዓለም ሻምፒዮና የመጀመሪያ ጨዋታ ካርልሰን በሩክ ፍጻሜ ወታደር በልጦ ካሩዋናን ሲያደክመው ውሎ 115 ሙቭ ላይ አቻ ወጡ። ካርልሰን ያልቻለውን ያንተ ተጋጣሚ በ15 ደቂቃ ጨዋታ የግድ ይችላል የሚል ሕግ የለም።

ወደ ዋናው እንግባ፣ ወደ መጨረሻው አቀማመጥ። ቁጠር፦ ሁለት ንጉሥ፣ ሁለት ሩክ፣ አንድ ወታደር፣ አምስት። ሰባትና ከዛ በታች ቁራጭ (ንጉሦቹን ጨምሮ፣ ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል) ያለባቸው አቀማመጦች በሙሉ ተሰልተው አልቀዋል። ቴብልቤዝ ይባላል። ሮናልድ ደ ማን የሰራው ሲዚጂ የሚባለው በ2013 እስከ ስድስት ቁራጭ ድረስ ወጣ፣ ሰባቱ ደግሞ በ2018 ተጠናቀቀ። የአምስት ቁራጩ ፋይል 1 ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ ኮምፒውተርህ ላይ ይገባል፣ የሰባቱ 17 ቴራባይት አካባቢ ስለሆነ ተወው፣ ሊቼስ የሚባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይ የትንተናውን ቦርድ ስትከፍት በነፃ ይመልስልሃል፣ ዳታም እምብዛም አይበላም። ኢንጂን ወደፊት እያሰበ ይገምታል፣ ቴብልቤዝ ግን ከማት ተነስቶ ወደኋላ ስለተሰላ አይገምትም፣ ያውቃል። ስለዚህ አምስት ቁራጭ ላይ ስቶክፊሽን «ዴፕዝ (ወደፊት የሚያስብበት ጥልቀት) 40 ይድረስልኝ» እያልክ ስልክህን ማጋል ከንቱ ነው።

ያንተ አቀማመጥ አቻ ነው፣ ኢንጂኑ አልዋሸህም። ጥያቄው ለምን አቻ ሆነ የሚለው ነው፣ ምክንያቱም አቻነቱ የቆመው በአንድ ሃሳብ ላይ ነው፣ ሃሳቡን ካላወቅክ 0.00 የሚለው ጽሑፍ ምንም አያደርግልህም።

የነጭን ችግር ተመልከት። ሩኩ ከወታደሩ ፊት ኤ8 ላይ ተቀርቅሯል፣ ከዛ ቢወጣ ወታደሩ ይበላል። ስለዚህ ነጭ ንጉሡን አምጥቶ ወታደሩን ማስጠበቅና ሩኩን ነፃ ማውጣት ይፈልጋል። አንተ ሩክህን ኤ1 ላይ ከወታደሩ ኋላ ትተህ ብትጠብቅ የነጭ ንጉሥ ቢ6 ይደርሳል፣ ሩክህን ቢ1 አድርገህ ቼክ ስትለው ኤ7 ላይ ገብቶ ይደበቃል። ያቺ ኤ7 መደበቂያው ናት፣ ወታደሩ ገና ኤ6 ላይ ስለሆነ ክፍት ናት። ከዛ ሩኩ ቢ8 ይወጣል፣ ያንተ ንጉሥ ሩቅ ነው፣ አለቀ።

መፍትሔው ሩክህን ከኋላ አንስተህ ወደ ጎን መውሰድ ነው፣ ወታደሩ ወዳለበት ወደ ስድስተኛው ረድፍ። ይሄ የቫንቹራ መከላከያ ይባላል፣ ጆሴፍ ቫንቹራ የሚባል የቼክ አገር ሰው ያገኘው፣ እሱ ከሞተ በኋላ በ1924 የታተመ። ያንተ አቀማመጥ ላይ በቀጥታ ይሰራል፦ ሩክ ኢ1 ቼክ! ንጉሡ የግድ ይንቀሳቀሳል፣ ዲ4 ይሂድ እንበል፣ ከዛ ሩክ ኢ6። አሁን ወታደሩን ከጎን እየተኮስክበት ነው። የነጭ ሩክ ከወታደሩ ጥበቃ መላቀቅ አይችልም። ንጉሡ ዲ5 መጥቶ ሩክህን ቢያባርር ኤፍ6 ትሄዳለህ፣ እንዲያውም ራቅ ማለቱ ይሻላል። ንጉሡ ቢ5 ደርሶ ወታደሩን ሲይዝ ኤፍ5 ላይ ቼክ፣ ሲ6 ቢሄድ ኤፍ6 ላይ ቼክ፣ ቢ7 ቢሄድ ኤፍ7 ላይ ቼክ፣ ወታደሩን ትቶ ሲሸሽ ተመልሰህ ስድስተኛው ረድፍ ላይ ትቀመጣለህ። ከጎን ለሚመጣ ቼክ መደበቂያ የለውም። ኤ7 ብሎ ወታደሩን ቢገፋ ወዲያው ሩክህን ኤ6፣ ከወታደሩ ኋላ ትመልሰዋለህ፣ አሁን ግን የቅድሟ መደበቂያ በራሱ ወታደር ተይዛለች፣ ንጉሡ ቢ6 ሲመጣ በቢ ዓምድ ቼክ ትለዋለህ፣ የሚገባበት የለም። የራሱ ወታደር ቤቱን ዘጋበት።

ግን ልብ በል፣ ይሄ ሁሉ የሚሰራው ንጉሥህ ጂ7 ወይም ኤች7 ላይ ከሆነ ብቻ ነው። አንተ የተሸነፍከውም እዚች ላይ ነው። ወታደሩ ኤ7 ከደረሰ በኋላ ነጭ የሚፈልገው ሩኩን ከኤ8 በቼክ ማንሳት ብቻ ነው፣ በቼክ ከወጣ ወታደሩ ይነግሣል (ስምንተኛው ረድፍ ደርሶ ንግሥት ይሆናል)። ንጉሥህ ጂ6 ላይ ከሆነ ሩክ ጂ8 ቼክ፣ ኤፍ6 ላይ ከሆነ ኤፍ8 ቼክ፣ አለቀ። ጂ7ና ኤች7 ላይ ግን ጂ8ም ሆነ ኤች8 ቢመጣ ትበላዋለህ። ኤፍ7ና ኢ7 ላይ ደግሞ ቼክ እንኳን ሳያስፈልገው ሌላ ወጥመድ አለ፦ ሩክ ኤች8! አሁን ወታደሩ ሊነግሥ ነው፣ ሩክህ ኤ7ን ሲበላ ሩክ ኤች7 ቼክ፣ ንጉሥህ ይንቀሳቀሳል፣ ከኋላው ያለው ሩክህ ይበላል። ያንተ ጨዋታ ላይ የሆነው ይሄው ነው። ኢ7 ስትገባና ወታደሩ ኤ7 ሲገፋ ወደ ጂ7 ለመመለስ ሁለት ሙቭ ያስፈልግሃል፣ እሱ ግን አንድ ብቻ ነው የሚበቃው። ቼክ እያበዛህ ብትገፋው ንጉሡ ወደ ሩክህ እየተጠጋ ቼኩን ያስጨርስሃል፣ ከዛ ያው ኤች8።

ይገርማል፣ «ንጉሥህን ወደ ወታደሩ አስጠጋ» የሚለው ምክር በአብዛኛው ፍጻሜ ላይ ልክ ነው፣ አስተማሪዎችም (እኔንም ጨምሮ) ለልጆች ስንደጋግመው እንውላለን፣ እዚህ ጋ ግን ገደል ነው የሚከትህ። ንጉሡ ከወታደሩ በራቀ ቁጥር የሚድንበት አቀማመጥ መኖሩ ለጀማሪ ጭንቅላት አይዋጥም፣ ስለዚህ ኤፍ7 በመሄድህ አልፈርድብህም።

አሁን ሁለተኛው ጥያቄህ። 0.00 ማለት «ሁለቱም ወገን ስህተት ካልሰራ አቻ» ማለት ነው፣ በቃ። ለአንተ ምን ያህል ይከብዳል፣ ስንት ሙቭ ተከታትሎ ልክ መሄድ አለብህ፣ አንድ ብትስት ምን ይሆናል፣ እነዚህ ውስጡ የሉም። አንድ 0.00 ዓይንህን ጨፍነህ የምትጠብቀው ሊሆን ይችላል፣ ሌላው 0.00 ደግሞ አስር ጊዜ ተከታትሎ ያለችዋን አንዲት ሙቭ ካላገኘህ የምትሞትበት ነው፣ ኢንጂኑ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ዜሮ ይጽፍልሃል። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት አንድ ውድድር ላይ የተሸነፍኩትን ጨዋታ ቤት ገብቼ ከፈትኩት፣ ዜሮ ዜሮ ዜሮ ሲል አይቼ «ደህና ነበርኩ፣ ደክሞኝ ነው» ብዬ ዘጋሁት፣ በሌላ ውድድር ያንኑ ስህተት ደገምኩት። ውጤቱን ነበር ያየሁት፣ ምክንያቱን አልጠየቅኩም።

ከብዙ ዜሮ መካከል የቱን ልምረጥ ካልክ መልሴ፦ ዕቅዱን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር የምትችለውን። «ሩኬን በቼክ አንስቼ ስድስተኛው ረድፍ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ንጉሤ ከጂ7ና ከኤች7 አይወጣም» ማለት ከቻልክ ያ ያንተ ሙቭ ነው። ሌላው ዜሮ ላይ ምን ልትል እንደምትችል ካላወቅክ ለኮምፒውተር ነው አቻ የሆነው፣ ላንተ አይደለም።

ምክንያቱን እንዴት ነው ከማሽን የምታወጣው? ማሽኑ አያስረዳም፣ መጠየቅ ግን ይቻላል። እኔ የምሰራበት መንገድ አንዲት ነገር እየቀየሩ እንደገና መጠየቅ ነው። ቴብልቤዙ ላይ ነጭ ንጉሥ ኤፍ3፣ ሩክ ኤ8፣ ወታደር ኤ7፣ ጥቁር ሩክ ኤ1 አስቀምጥ፣ ተራው የነጭ ይሁን። የጥቁርን ንጉሥ ጂ7 አድርግ፣ አቻ። ኤች7፣ አቻ። ኤፍ7፣ ነጭ ያሸንፋል። ኢ7፣ ያሸንፋል። አሁን ኤፍ7 ላይ ትተህ ተራውን ለጥቁር ስጠው፣ እንደገና አቻ፣ ምክንያቱም ወደ ጂ7 ይመለሳል። ኢ7 ላይ ለጥቁር ተራ ብትሰጠውም ግን አይድንም። አምስት ደቂቃ አልፈጀም፣ ማንም ሳያስተምርህ የመከላከያውን ድንበር ራስህ አሰመርከው። ፍርዱ የሚገለበጥባትን ካሬ ስታገኝ ምክንያቱን አገኘህ ማለት ነው፣ እዛ ላይ ቆመህ «ምን ተለወጠ?» በል፣ ኤች8 የምትለዋ ወጥመድ ብቅ ትላለች።

ሁለተኛው ዘዴ ተራን መዝለል ነው። አቀማመጡ ላይ ሆነህ ተራህን ለተጋጣሚህ ስጠውና ምን እንደሚሰራ እይ፣ ያ ማለት ዛቻው ነው። ኢንጂን ላይ ያለው ሰው ሁሉ «ለኔ ምን ይሻለኛል» ብቻ ነው የሚጠይቀው፣ «እሱ ምን ሊያደርገኝ ነው» የሚለውን አይጠይቅም፣ ሩክ ፍጻሜ ላይ ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚያስፈልግህ ይሄኛው ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር፣ ኢንጂኑን ሳትከፍት ራስህ ገምት። ወረቀት ላይ ጻፈው፣ «አቻ ይመስለኛል፣ በዚህ ምክንያት፣ ሙቬም ይሄ ነው»። ካልጻፍከው መልሱን ስታይ «እኔም እንደዛ ነበር ያሰብኩት» ትላለህ፣ ሁላችንም እንላለን። መለማመጃ ከፈለግክ በ1924 ኒውዮርክ ላይ የወቅቱ የዓለም ሻምፒዮን ካፓብላንካ ከታርታኮወር ያደረገውን ጨዋታ ውሰድ፣ ሙቭ 35 ላይ ነጭ ንጉሥ ጂ3 ከመሄዱ በፊት አቁመውና ምን ትሄድ ነበር በል። ካፓብላንካ ሁለት ወታደር በቼክ እያስበላ ንጉሡን በኤች4ና በጂ5 አድርጎ ኤፍ6 አስገባው፣ ከዛ በኋላ ወታደር መቁጠር ትርጉም አጣ። በጊዜው ኮምፒውተር የለም፣ ሰውየው «ሩክ ፍጻሜ ላይ የነቃ ንጉሥ ከወታደር ይበልጣል» የሚለውን ብቻ ይዞ ነው የገባው።

አሁን ወደ ዘጠኝ ቁራጩ አቀማመጥህ እንመለስ፣ 1.4 ወዳለበት። ሁለት ንጉሥ፣ ሁለት ሩክ፣ አምስት ወታደር፣ ዘጠኝ ሆነ፣ ቴብልቤዝ አይደርስበትም። ግን ሁለት ብቻ ነው የቀረው! አንድ ጥንድ ወታደር ቢበላላ ሰባት ይሆናል፣ ያኔ እርግጠኛ መልስ አለህ። ስለዚህ ጨዋታውን ከመጨረሻው ጀምረህ ወደኋላ ሂድ። አምስት ቁራጩ አቻ መሆኑን አውቀሃል፣ አንድ ሙቭ ወደኋላ፣ አሁንም ቴብልቤዝ፣ አንድ ሙቭ ወደኋላ፣ እያልክ ሰባት ቁራጭ እስካለበት ድረስ እርግጠኛ ፍርድ እየያዝክ ትሄዳለህ። ፍርዱ ከ«ነጭ ያሸንፋል» ወደ «አቻ» የዞረባት ሙቭ ካለች እዛ ላይ ነው ተጋጣሚህ ያበላሸው። ከሰባት በላይ ስትወጣ ኢንጂኑን ክፈትና ያው እንደቅድሙ ከጨዋታው መጨረሻ ወደ መጀመሪያው እየተመለስክ አሰራው፣ የኋለኛውን አቀማመጥ ሲመረምር ያገኘውን በሜሞሪው ስለሚይዝ የበፊቱ ላይ ስትመለስ በተሻለ ያያል። ከላይ ከ1.4ቱ ጀምረህ ወደታች ብትወርድ ይሄን ጥቅም ታጣለህ።

ኢንጂኑ የሚያሳይህን መስመርም (አማራጭ የሙቭ ቅደም ተከተል) ከአንድ ወደ ሶስት ወይም አራት አሳድገው፣ ሊቼስ ላይ ማስተካከያው ውስጥ አለ። አንድ መስመር ብቻ ስታይ የኢንጂኑ ምርጫ ሕግ ይመስልሃል፣ አራት ስታይ ግን ሁለቱ አንድ ሃሳብ እንደሆኑ፣ ሶስተኛው ሌላ መንገድ እንደሆነ ይገባሃል። በየመስመሩ መጨረሻ ደግሞ «እዚህ ጋ ወታደር ቢበላላ ምን ይቀራል?» ብለህ የሚቀረውን በቴብልቤዝ ፈትነው። የማታውቀውን ነገር ወደምታውቀው መመለስ ነው እንጂ ሌላ ተአምር የለም።

ለዛ ግን የሚታወቁት ጥቂት አቀማመጦች ጭንቅላትህ ውስጥ መኖር አለባቸው። ቫንቹራን አሁን አወቅክ። ፊሊዶር በ1777 ያሳየው መከላከያ አለ፣ ሩክህን ከነጭ በኩል ሲቆጠር ስድስተኛው ረድፍ ላይ አቁመህ ንጉሡ እንዳይሻገር ትከለክላለህ፣ ወታደሩ ራሱ ስድስተኛው ላይ ሲረግጥ ወደ ታች ወርደህ ከኋላ ቼክ ታበዛለህ። ሉሴና የሚባለው ደግሞ የማሸነፊያው ነው፣ ወታደርህ ሰባተኛው ረድፍ ላይ፣ ንጉሥህ ከፊቱ፣ ሩክህን አራተኛው ረድፍ ላይ አውጥተህ ለቼክ መከለያ ድልድይ ትሰራለህ። (በነገራችን ላይ ሉሴና በ1497 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ይሄ አቀማመጥ የለም፣ ለህትመት የበቃው በ1634 በጣሊያናዊው ሳልቪዮ ነው፣ ስሙ ግን እንዲሁ ተጣበቀበት።) እነዚህን ሶስቱን ሳታውቅ ኢንጂን መክፈት መዝገበ ቃላት ይዞ ፊደል አለማወቅ ነው።

መጠንቀቅ ያለብህን ልንገርህ። ሲዚጂ አንደኛ ብሎ የሚያስቀምጥልህ የማሸነፊያ ሙቭ ብዙ ጊዜ እንግዳ ነው፣ ደህና ሩክ በነፃ ሲያስበላ ልታየው ትችላለህ። ተበላሽቶ አይደለም፣ እሱ የሚቆጥረው እስከ ማት ያለውን ርቀት ሳይሆን ቀጣዩ መብላት ወይም የወታደር ሙቭ እስኪመጣ ያለውን ነው፣ የ50 ሙቭ ሕጉ (50 ሙቭ ሳይበላና ወታደር ሳይንቀሳቀስ ካለፈ አቻ የሚለው) ስላለ። ስለዚህ የሚያሸንፉት ሙቮች ውስጥ ሰው የሚሄደውን፣ ድልድይ መስሪያውን ምናምኑን ምረጥ፣ ደረጃውን አትከተል። ሁለተኛ፣ የስልክ ኢንጂን ሲሞቅ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ዘጠኝና አስር ቁራጭ ላይ ሶስት ሰከንድ አይተህ ቁጥሩን አትመን፣ ጥቂት ደቂቃ ተወው፣ ቁጥሩ ቀስ እያለ ወደ ዜሮ የሚወርድ ከሆነ አቻ ሊሆን እንደሚችል ጠርጥር፣ ቀስ እያለ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ የሆነ ዕቅድ አግኝቷል። ሶስተኛ፣ ጨዋታው እየተካሄደ እያለ እንዳትከፍተው፣ ሊቼስ ላይ ለቀናት በሚቆየው ጨዋታም ቢሆን ኢንጂን ክልክል ነው፣ ቴብልቤዝም ያው። ዓለም አቀፉ የደብዳቤ ቼዝ ፌዴሬሽን ኢንጂን ስለሚፈቅድ አንዳንድ ሰው ሁሉም ቦታ እንደዛ ይመስለውና አካውንቱ ይዘጋበታል።

ስለዚህ ምን ታደርጋለህ? ለአንድ ወር ያህል ኢንጂኑን ሰባት ቁራጭና ከዛ በታች ላይ አትክፈተው፣ ቴብልቤዝ ብቻ። ከተጫወትካቸው ጨዋታዎች ሩክ ፍጻሜ የደረሱትን ለይ፣ እያንዳንዱን ከመጨረሻው ወደኋላ ሂድበት፣ ፍርዱ የዞረባትን ሙቭ ፈልግና ከስሯ አንድ ዓረፍተ ነገር በራስህ ቋንቋ ጻፍ፣ ቁጥር ሳይሆን ምክንያት። ዓረፍተ ነገሩን መጻፍ ካቃተህ አልገባህም ማለት ነው፣ አንዲት ቁራጭ አንቀሳቅስና እንደገና ጠይቅ። በሳምንት ሁለት ጨዋታ ይበቃል፣ ሃያ ጨዋታ በአንድ ቀን በኢንጂን ማስመርመር ቀይና አረንጓዴ ምልክት ከማየት አያልፍም።

ከዚሁ ካንተ ጨዋታ ጀምር። የመጀመሪያው ሙቭህ፣ ንጉሥ ኤፍ7፣ በራሱ ያሸንፍብህ እንደነበርና እንዳልነበር ሆን ብዬ አልነገርኩህም። ተጋጣሚህ ንጉሡን ዲ4 በማምጣት ፈንታ ወዲያው ኤ7 ቢገፋ ኖሮ ወደ ጂ7 ተመልሰህ አቻ ትወጣ እንደነበር ግን አሁን ማየት ትችላለህ። ዲ4 ከመጣ በኋላስ? ጂ7 ብትመለስስ፣ ዲ1 ላይ ቼክ ብትለውስ፣ ሩክህን ኤ5 ብታወጣውስ? መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ ጻፍ፣ ከዛ ክፈተው።